ፕሪንተር ሁለት

ትምህርት ቤቱ ያለው ፕሪንተር አንድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ወረቀት በጎረሰ ቁጥር ጎኑን መታ መታ ካላደረጉት አይተፋም። ታዲያ ይሄ «ፕሪንተር ሁለት» የሚባል ነገር ከየት መጣ?

ካቻቢቴ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ጀመረችው። በዋናው ኮምፒውተር ላይ አካውንት ያላቸው ሰዎች ስም ነው። የአስረኛ ክፍል አርባ አንድ ተማሪዎች፣ ከእነሱ በታች የቲቸር ስም፣ ከዚያ በታች ደግሞ ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ስም። ከቲቸር ስም ጎን ያለችው ትንሽ ምልክት ከዚህም ስም ጎን አለች። ትርጉሟን ታውቃለች። ይህን አካውንት የያዘ ሰው የፈለገውን ፎልደር ከፍቶ ማየት፣ መለወጥ፣ ማጥፋት ይችላል። የነገውን ፈተና ጨምሮ።

ቀኝ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስትጨነቅ ልማዷ ነው፤ ወንበሩም አብሯት ይንቀጠቀጣል።

«ሬዲዮ!» አለች ሰው በሌለበት ክፍል። «አንተ ቀጣፊ!»

ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ወደ ዋናው ኮምፒውተር የሚያስገባውን ክፍተት ያሳየችው ለዚህ ልጅ ብቻ ነው።

ካቻቢቴ የሚለው ስም የወጣላት ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው። በእርሳስ መያዣዋ ውስጥ እርሳስ ሊጠፋ ይችላል፤ ካቻቢቴ ግን አይጠፋም። ቲቸር የኮምፒውተር ክፍሉን እንዲንከባከቡ ከመረጧቸው አራት ተማሪዎች አንዷ ነች፣ ያለፈውና የዚህ ሳምንት ተረኛም እሷው ነች። ተረኛ ቁልፍ ይይዛል፣ አቧራ ይጠርጋል፣ መዝገቡንም ይጠብቃል። መዝገቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፤ ከዋናው ኮምፒውተር አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶውም በሌላ ሲባጎ። ዋናውን ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ምን እንዳደረገ ቀኑን ጠቅሶ ይጽፋል፣ ይፈርማል። የተሳሳተ ነገር ካለ በላዩ አንድ መስመር ይሰመርበታል እንጂ አይፋቅም። ገጽ የቀደደ ተማሪ ከተረኝነት ይወጣል። ቲቸር በሌላው ነገር ሁሉ ይለሳለሳሉ፤ በዚህ ግን ድርቅ ይላሉ።

አስራ ዘጠኙም ኮምፒውተሮች አሮጌዎች ናቸው። የሚሠሩት በክፍት ኮድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም እንዴት እንደተጻፈ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ ያስተካከለውንም ለሌላው ያካፍላል። ካቻቢቴ ይህን ነገር ከሰማች ጀምሮ አርፋ አልተቀመጠችም። የሲስተሙ አዘጋጆች በየሳምንቱ የሚልኩትን የደህንነት ማስታወቂያ መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ ታነባለች። አብዛኛው አይገባትም። ያለፈው ሳምንት ግን ገባት።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ ፋይል ወደ ፕሪንተር የሚልከው የፕሮግራሙ ክፍል የፋይሉ ስም ከልክ በላይ ሲረዝም ይምታታበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብቶ እንደ አስተዳዳሪ ሊወጣ ይችላል። ግርጌው ላይ ደግሞ ማስተካከያውን ያዘጋጀው ሰው ስሙን ጽፎ የሚከተለውን አክሏል። «ስህተቱን ከሰባት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ርዝመቱን መለካት ረሳሁ። ያገኘችው አንዲት ተማሪ ናት፤ አመሰግናታለሁ። ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው። እባካችሁ ቶሎ ጫኑት።»

አርብ ዕለት ለቲቸር ነገረቻቸው። ቲቸር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር።

«ከፈተና በኋላ» አሉ።

«ቲቸር፣ አደገኛ ነው እኮ!»

«ዓምና የሆነውን ረሳሽው?»

ማን ይረሳል? ዓምና በፈተናው ዕለት ጠዋት ማሻሻያ ተጭኖ የአማርኛው ፊደል ሁሉ በአንዴ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ሀም ሳጥን፣ ለም ሳጥን። ተማሪው ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት እርስ በርስ ሲተያይ ሬዲዮ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ነው ወይስ የካርቶን ፋብሪካ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ኮምፒውተር ላይ በቲቸር እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «አትንኩኝ፤ እየሠራሁ ነው።»

«ደግሞስ» አሉ ቲቸር መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ ሲያገኙት፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያውቅ ማን አለና?»

ይህች ነገር ናት የከነከነቻት። አዘጋጆቹ አንድ ኮምፒውተር ክፍተቱ እንዳለበት ማረጋገጫ የምትሆን አጭር ፕሮግራም ከማስታወቂያው ጋር አያይዘው ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት፣ ክፍሉን ልትዘጋ ስትል፣ አስነሳቻት። አጠገቧ ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዘው ሬዲዮ ብቻ ነበር። ሬዲዮ የአክስቷ ልጅ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት፣ ስሙን ያወጣችለትም እሷ ነች፣ ማጥፊያ ስለሌለው። ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ከተራ ተጠቃሚ ወደ አስተዳዳሪ ሲቀየር ሬዲዮ ከወንበሩ ዘለለ።

«አንቺ ልጅ! አለቃ ሆንሽ እኮ! እንዴት አደረግሽው? አንዴ ድገሚው፣ አንዴ ብቻ!»

ደገመችው። ቀስ እያለች፣ እያብራራች፣ ልክ እንደ አስተማሪ። ደስ ብሏት ነበር። መዝገቡ ላይ ግን አልጻፈችም።

*

ሬዲዮን ያገኘችው ከሜዳው ጥግ፣ ቧንቧው ጋ ነው። ጭንቅላቱን ከውኃው ሥር ከቶ ያንጎራጉራል።

«ፕሪንተር ሁለት ማነው?» አለችው።

ውኃው በአፍንጫው ገባ። ሲያስል፣ ሲያነጥስ ቆየና ቀና አለ።

«ስሙ አሪፍ አይደል? ማንም አይጠረጥርም ብዬ እኮ ነው።»

«ሁለተኛ ፕሪንተር የለንም፣ አንተ ደደብ!»

«እሱን አላሰብኩትም» አለ ከልቡ።

«መቼ ነው የገባኸው?»

«ሰኞ። አንቺ ጠመኔ ልታመጪ ስትወጪ። አቦ እንዲህ አታፍጥጪብኝ! ምንም አልነካሁም። አየሁ ብቻ።»

«ምን አየህ?»

ሬዲዮ እጁን በሱሪው ጠራረገ። «ሁለት ጥያቄ።»

«ፈተናው ስንት ጥያቄ አለው?»

«አምስት።»

ካቻቢቴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ ወዲያው ደግሞ ተነሳች። አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ወደ ቧንቧው ሄደች፣ ተመለሰች።

«አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ» አለ ሬዲዮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለመውቀስ አይደለም። ግን አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ዘንድሮ ከወደቅኩ እናቴ ወደ አባቴ ትልከኛለች። ምላለች። እሱ ያለበትን ከተማ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ሰው አላውቅም እዛ። ማንን ላወራ ነው? ግድግዳውን?» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ስሚኝ ካቻ። ነገ ጠዋት ከደወሉ በፊት ክፍሉን ክፈቺልኝ። ሁለት ደቂቃ። ፕሪንተር ሁለትን ራሴ አጠፋዋለሁ፣ አልነበረም ማለት ነው። አንቺም ቲቸርን ለምነሽ ክፍተቱን አስዘጊው። አለቀ። ማንም ሳይጎዳ።»

ደወሉ ተደወለ። ካቻቢቴ አልመለሰችለትም። ሬዲዮ ግን ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮት እየሮጠ ሄደ።

*

ከትምህርት በኋላ ቲቸር ዘንድ ስትሄድ በእጇ አንድ ወረቀት ይዛ ነበር። ማስተካከያውን ከማስታወቂያው ላይ በእጇ ገልብጣዋለች፤ የወጣው መስመር አንድ፣ የገቡት መስመሮች ሁለት።

«ይኸውና ቲቸር፣ ሙሉው ይሄው ነው። የስሙን ርዝመት ይለካል፣ ከረዘመ አይቀበልም። ፊደል ጋ አይደርስም። ካላመኑኝ ያንብቡት።»

ቲቸር አነበቡት። ደገሙት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ አወረዱ። ከዚያ ጥግ ላይ ቆሞ የማይሠራበትን ኮምፒውተር አስነስተው ማስተካከያውን መጀመሪያ እሱ ላይ ጫኑ። ከሀ እስከ ፐ ጻፉ፣ ወደ ፕሪንተሩ ላኩ፣ ጎኑን መቱት። ወረቀቱ ወጣ። ሁሉም ፊደል ከነቅርጹ አለ።

«ሳጥን የለም» አሉ ቲቸር፣ እንደ ልጅ እየሳቁ።

ከዚያ «አትንኩኝ» የሚለውን ወረቀት በጥንቃቄ አንስተው ማስተካከያውን ዋናው ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ካቻቢቴ ማረጋገጫዋን ፕሮግራም እንደገና አስነሳቻት፤ ምልክቱ አልተቀየረም። ክፍተቱ ተዘግቷል። ልቧ ግን አላረፈም፤ ማስተካከያው ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ነው እንጂ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ፕሪንተር ሁለት ዝርዝሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ቲቸር ገጹን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ያዩታል። አላደረጉትም።

«ማንም አልተጠቀመበትም አይደል?» አሉ እስክሪብቶውን እየያዙ። እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነበር።

«እ… አይመስለኝም ቲቸር።»

መዝገቡ ላይ ጻፉ። በትከሻቸው በኩል አነበበችው። «የፕሪንተሩ ክፍተት ተዘጋ። ተከታትላ፣ ለምና፣ ያስዘጋችው ካቻቢቴ።» ፈረሙ። ከዚያ ዞረው አዩዋት።

«ባለፈው ሳምንት ልሰማሽ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «በርቺ።»

ቦርሳዋን አንግታ ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።

*

ቤት ገብታ ደብተር ዘረጋች፣ አጠፈች። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። እናቷ ከሆስፒታል ገና መግባቷ ነው፤ ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰች በዓይኗ ትከተላት ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ? መቀመጫው ላይ እሾህ አለ እንዴ?»

«ፈተና ነው ነገ።»

«ለኮምፒውተር ፈተና አንቺ መቼ ነው የምትጨነቂው?»

ወዲያው አክስቷ በሩን ገፍታ ገባች፤ ካውያውን ልትዋስ። ፊቷ በርቷል።

«ጉድ ልንገርሽ እህቴ» አለች ለእናቷ። «ያ ጉደኛ ልጄ ከሰኞ ጀምሮ ያጠናል! ጠረጴዛ ላይ! ቁጭ ብሎ! እኔ እንኳን አላመንኩም፣ አሞት ይሆን ብዬ ግንባሩን ነካሁት።» ወደ ካቻቢቴ ዞረች። «አንቺ ነሽ አይደል የኔ ልጅ? አንቺ ነሽ ያስጠናሽው። እድሜ ይስጥሽ።»

ካቻቢቴ ወለሉን አየች። አክስቷ ካውያውን ይዛ፣ ገመዱን እየጎተተች፣ እየሳቀች ወጣች። የሬዲዮ ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማ ነበር፤ አንድ ነገር ጮክ ብሎ ይሸመድዳል። ሁለት ጥያቄ ያየ ሰው ለሦስቱ ያጠናል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ። ሳቅ መጣባት፣ ወዲያው ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አላት።

ነገ አርባ አንድ ሰው በየፈረቃው ይፈተናል። አንዱ ሁለት ጥያቄ አስቀድሞ አይቷል። አንዷ ደግሞ ይህን እያወቀች ከአጠገቡ ትቀመጣለች፣ ስሟም መዝገቡ ላይ በጥሩ ተጽፏል።

ማስታወቂያውን አውጥታ ግርጌውን እንደገና አነበበችው። ሰውየው በዓለም ላይ ስንትና ስንት ኮምፒውተር የሚጠቀምበትን ነገር ነው ያበላሸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀበትም ነበር። ማስተካከያውን ብቻ ልኮ ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እሷ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ የምታነበው «ያገኘችው ተማሪ» የሚለውን ነበር፤ ያቺ ተማሪ መሆን ያምራት ስለነበር። አሁን ግን ዓይኗ «ያስገባሁት እኔው ነኝ» በሚለው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተተከለ።

ስልኳ ድምፅ አሰማ። ሬዲዮ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ። «ነገ 1፡30። አደራ።»

«እሺ» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ማንቂያ ደወሏን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞላች።

*

ጠዋት ኮሪደሩ ሰው የለበትም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ያፈሰሰችው ውኃ ገና አልደረቀም። ካቻቢቴ በጫፍ በጫፉ ተራምዳ ክፍሉን ከፈተች። ኮምፒውተሮቹን አላስነሳችም። በቀጥታ ወደ መዝገቡ ሄዳ የቲቸርን ጽሑፍ አገኘችው፦ «ያስዘጋችው ካቻቢቴ»። ከሥሩ ቀኑን ጻፈች። የመጀመሪያውን ቃል ተሳሳተች፤ አንድ መስመር አሰመረችበትና ከጎኑ እንደገና ጀመረች።

«አርብ ዕለት ይህን ክፍተት እዚህ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬ እንደ አስተዳዳሪ ገብቻለሁ። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም። ለሌላ ሰው ደግሜ አሳይቻለሁ። በዚህ ምክንያት ፕሪንተር ሁለት የሚባል አካውንት ተከፍቷል፣ የፈተናው ፎልደርም ታይቷል። ትናንት ቲቸር ሲጠይቁኝ ዋሽቻለሁ።»

ፈረመች። ካቻቢቴ ብላ ሳይሆን እናቷ ባወጣችላት ስም።

የእግር ኮቴ ተሰማ፤ እርጥቡ ኮሪደር ላይ እየተንሸራተተ የሚሮጥ። ሬዲዮ በሩን ይዞ ቆመ፣ እያለከለከ።

«ቀድመሽኝ መጣሽ! ለምን አላስነሳሽውም? ቶሎ በይ እንጂ፣ ቲቸር…» ዓይኑ እጇ ላይ ያለው እስክሪብቶ ላይ አረፈ። ከዚያ መዝገቡ ላይ። «ካቻ። ምን ጻፍሽ?»

«የኔን።»

ቀረብ ብሎ አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እስከ መጨረሻው አንብቦ ወደ ላይ ተመለሰ።

«የኔ ስም የለም» አለ።

«የአንተን እኔ አልጽፍም።»

«ግን ይጠይቁሻል።»

«ከጠየቁኝ አልዋሽም ሬዲዮ። አንዴ ዋሽቼ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት፣ ሁለተኛ አልችልም።» ደብተሩን ሳትዘጋ ወደ እሱ ዞር አደረገችው። ከፊርማዋ ሥር ያለው መስመር ባዶ ነው። «አክስቴ ጋ አብሬህ እገባለሁ። ከፈለግክ እኔው ቀድሜ አወራለሁ። አንተ መሃል ላይ ትጨምርበታለህ፣ እንደ ልማድህ።»

አልሳቀም። ግን ሮጦም አልሄደም።

ከደረጃው ሥር የቲቸር ሳል ተሰማ፤ ከእሱ ጋር የቁልፎቻቸው ድምፅ። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ። ካቻቢቴ እስክሪብቶውን ለቀቀችው። በሲባጎው ላይ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ፣ የሬዲዮም ዓይን አብሮት ወዲያና ወዲህ።

እሷ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ወንበሩም አብሮ። ተወችው።